ቀለሙ እስኪደርቅ

ልጅ እያለሁ ቤታችን ሁልጊዜ ቲነር ቲነር ይሸት ነበር። ሌላው ሰው የልጅነቱን ሽታ ሲያነሳ ዝናብ የመታው አፈር ነው፣ የእናቱ ነጠላ ነው፤ የእኔ ቲነር ነው፣ ምን ላድርግ። ሰሞኑን በምማርበት ዩኒቨርሲቲ የዶርማችንን በር ቀለም ሲቀቡ ያ ሽታ መጣ። ልጆቹ አፍንጫቸውን ይዘው ወጡ፤ እኔ አልጋዬ ላይ ቁጭ ብዬ ቀረሁ። አላለቀስኩም፣ ደስም አላለኝም። በኋላ ግን ይሄን ነገር ለሰው መናገር ሳይኖርብኝ አይቀርም ብዬ አሰብኩ፤ በተለይ ለእኩዮቼ፣ በጦርነቱ ዓመት ትምህርት ቤት ተዘግቶባቸው ቤት ለዋሉት።

አባቴ በከተማችን በመርሳ የታወቁ ጸሐፊ ናቸው። ጸሐፊ ስል መጽሐፍ አይደለም፤ የሱቅ ማስታወቂያ፣ የባጃጅ ጀርባ፣ የአይሱዙ ጎን ላይ የሚጻፈውን ነው። ከወልዲያም ከሐራም ሹፌሮች መኪናቸውን ይዘውላቸው ይመጡ ነበር። የእሳቸው ቀለም ይጮኻል። ቀይ ከሆነ ቀይ ነው፣ ቢጫ ከሆነ ዓይን ይወጋል፣ ዙሪያውን ደግሞ በጥቁር መስመር ያጥሩታል። ታላቅ ወንድሜ ከማል ያኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነበር። እጁ የአባቴ ነው፤ ዓይኑ ግን የራሱ ነበር።

በኋላ ከማል የቀባቸው ትንንሽ የብረት ሰዎች ወደ ቤታችን የመጡት በተከራያችን በመምህር ዳዊት በኩል ነው። የአዲስ አበባ ልጅ ነው፣ ኮሌጅ ያስተምር ነበር፤ ጓሮ ያለችውን ክፍል አከራይተነው ነበር። ውጭ አገር ያለች እህቱ የላከችለት አንድ ሳጥን ነበረው። ውስጡ አውራ ጣት የሚያካክሉ የብረት ምስሎች ናቸው፤ ሁሉም ተረት ውስጥ ያሉ ፍጥረታት። ክንፍ ያላት ሴት፣ የበሬ ራስ ያለው ሰውዬ፣ መጥረቢያ የያዘ ድንክ፣ ዘንዶ፣ ምርኩዝ የያዘ ሽማግሌ። ፈረንጆች ጠረጴዛ ላይ ደርድረው ያዋጓቸዋል አለን። ሲገዙ ቀለም የላቸውም፤ መቀባቱ የባለቤቱ ሥራ ነው። እሑድ እሑድ መምህር ዳዊት አንዳንዱን ሲቀባ ከማል አጠገቡ ቁጭ ብሎ ያይ ነበር። እናቴ ግን አልወደደቻቸውም። "ሩሕ ያለው፣ ነፍስ ያለው ነገር ምስል ካለ እኮ መላኢካ ቤት አይገባም" እያለች ታጉረመርማለች። የሰው ንብረት ነው ብላ እንጂ አንድ ቀን አታሳድራቸውም ነበር።

ጦርነቱ ወልዲያን አልፎ ወደ እኛ ሲመጣ መምህር ዳዊት በመጨረሻዎቹ ሚኒባሶች ወደ ደሴ ሄደ። የያዘው አንድ ሻንጣ ብቻ ነው። ሳጥኑን ለከማል ሰጠውና "ቀብተህ ጠብቀኝ፣ አደራ" አለው። ከዚያ መብራት ጠፋ፣ ኔትወርክ ጠፋ፣ ወፍጮ ቤቱ ተዘጋ። ታጣቂዎች ከተማውን ያዙ። አስፋልቱ ላይ አንድ አይሱዙ አይታይም። አባቴ ሱቃቸው ሳይዘረፍ የቀለም ቆርቆሮዎቻቸውን በጋሪ ጭነው ቤት አመጡና አልጋ ሥር ደረደሯቸው። ቤታችን በደንብ የሸተተው ያኔ ነው።

ጎረምሳ ያለበት ቤት በዚያ ሰሞን ምን ይመስል እንደነበር ያየ ያውቀዋል። ልጁ ደጅ ከታየ ይያዛል፤ ቤት ከተቀመጠ ደግሞ ጓደኞቹ ይጠሩታል። የከማል ጓደኞች ወደ ተራራው ወጥተው ከሚዋጉት ልጆች ጋር ሊቀላቀሉ ተስማምተው ነበር። ይማም የሚባለው የጎረቤታችን ልጅ በአጥሩ ላይ ብቅ እያለ "ምነው ከማል፣ ማጀት ልትውል ነው እንዴ?" ይለዋል። የከማል መልስ ሁልጊዜ ያው ነበር፤ "ሳጥኑን ልጨርስና እመጣለሁ። የሰው አደራ ነው፣ ጀምሬ አልተወውም" ይላል። ይሄን አባቴ ሰሙ። እናቴም ሰማች።

ከዚያ ወዲያ የቤታችን ሥራ ሳጥኑ እንዳያልቅ ማድረግ ሆነ። ማንም ቁጭ ብሎ አልተመካከረም። አባቴ እንዲሁ አንድ ቀን ጠዋት ቁና ገልብጠው ከከማል ፊት ለፊት ተቀመጡና "እስቲ አሳየኝ፣ እንዴት ነው የሚሠራው?" አሉት።

መጀመሪያ ብረቱ ይሞረዳል። ብረቱ ቀልጦ ሲፈስ በማፍሰሻ ቅርጹ መገናኛ ላይ የቀረች ቀጭን ጠርዝ አለች፤ ከራስ እስከ እግር ትወርዳለች። እሷ ካልጠፋች ቀለም ሲነካት ጠባሳ ትመስላለች። ከማል በእኔ የጥፍር ሞረድ ይሞርዳትና በብርጭቆ ወረቀት ያለሰልሳታል። ቀጥሎ የእጅ ቅባት እንዲለቅ ምስሉ በሳሙና ይታጠባል። ሲደርቅ በለስላሳ ጠርሙስ አፍ ላይ በሻማ ይጣበቅና፣ ጠርሙሱ እየተያዘ አንቲረስት፣ ዝገት የሚከላከለው የመጀመሪያ ቀለም፣ ይቀባል። ስስ መሆን አለበት፤ ከወፈረ አፍንጫና አፉ ይደፈናል። አባቴ ይሄን ሁሉ ዕድሜ ልካቸውን በር ላይና መኪና ላይ ሠርተውታል። አሁን ግን ድንኩን ወደ መስኮቱ አስጠግተው፣ ዓይናቸውን አጨንቁረው፣ "ብብቱ ሥር ጠርዝ አለ። እንደገና" ይላሉ። ከማልም አንቲረስቱን በቲነር አጥቦ እንደገና ይሞርዳል።

ትልቁ ክርክር የመጣው አቀባቡ ላይ ነው።

"ዘንዶው ቀይ ይሁን፣ ሆዱ ቢጫ፣ ዙሪያውን ጥቁር" አሉ አባቴ። "ሰው ከሩቅ ይየው።"

"አባ፣ ይሄ እኮ የአይሱዙ ጎን አይደለም። በእጅ ተይዞ ነው የሚታይ።"

"በእጅ ቢያዝስ? የሚታይ ነገር ይታያ!"

ከማል የፈለገው መምህር ዳዊት ሲያደርግ ያየውን ነው። መጀመሪያ ጠቆር ያለ ቀለም ይቀባል። ከዚያ ጥቁር በብዙ ቲነር ይቀጥንና ምስሉ ላይ ይፈሳል፤ በየእጥፋቱ ገብቶ ይተኛና ጥላ ይሆናል። በመጨረሻ ፈዘዝ ያለ ቀለም የነካ ብሩሽ ምንም የቀረበት እስከማይመስል ድረስ በጨርቅ ይጠረጋል፤ ከዚያ ከፍ ከፍ ያለው ላይ ብቻ ሽው ይደረጋል። ጉልበቱ፣ ትከሻው፣ አፍንጫው ብርሃን ያገኛል። አባቴ አይተው "የቆሸሸ ነው የሚመስል" አሉ። በስንት ክርክር የዘንዶው ግራ ጎን በአባቴ፣ ቀኝ ጎኑ በከማል ስልት ተቀባ። ሳቃችንን መቆጣጠር አልቻልንም። በአንድ በኩል ሲያዩት የጭነት መኪና ነው፣ በሌላ በኩል ሲያዩት ከዋሻ የወጣ አውሬ ነው። ተሸነፍኩ ያለ የለም፤ ሁሉም በቲነር ታጥቦ እንደ አዲስ ተጀመረ። ክርክሩ ቀናትን በላ፤ የእናቴ ፊትም በዚያ ሰሞን ፈካ ብሎ ነበር።

እሷም የራሷን ሕግ ይዛ መጣች። "ዓይን እንዳትሥሉላቸው። ዓይን ከተሣለላቸው ወይ እነሱ ይወጣሉ ወይ እኔ እወጣለሁ" አለች። አባቴ ይሄን ሲያገኙ ደስታቸው ለጉድ ነው። "ልክ ናት። እንግዲህ ዓይን የሌለው ፊት እንዴት እንደሚያምር መታሰብ አለበት፣ ዝም ብሎ አይቀባም" እያሉ በየፊቱ ላይ ሰዓታት ይፈጁ ጀመር።

አንድ ቀን ባለክንፏን ሴት ሳይ አፌ አመለጠኝ። "አባ፣ ይዩዋት እስቲ! ይቺ እኮ አልቃለች" አልኩ። እናቴ ከኋላዬ ክንዴን እንባዬ እስኪመጣ ቆነጠጠችኝ። ከዚያ ማጀት ጎትታ ወሰደችኝና "አላለቀችም፣ ሰማሽ ሰዓዳ? ይሄ ነገር እስኪያልፍ ድረስ በዚህ ቤት ምንም ነገር አያልቅም" አለችኝ። ያኔ ነው ነገሩ የገባኝ። ከዚያ በኋላ እኔም ተባባሪ ሆንኩ። "ክንፏ ላይ አቧራ አለ"፣ "እዚህ ጋ ጠብ ብሏል" ማለት ለመድኩ፤ ሳየውም እውነት እውነት ይመስለኝ ነበር።

ከማል ይሄን ሳያውቅ የቀረ አይመስለኝም። "አባ፣ እርስዎ ዘንድ የሚያልቅ ሥራ አለ እንዴ?" እያለ ይስቅ ነበር። ግን ሥራውን ወደደው፣ አባቱንም ከጎኑ አገኘ። ከጎረቤት ከተማ ከውርጌሳ በኩል ከባድ መሣሪያ ሲያጓራ መስኮታችን ይንቀጠቀጣል። ከማል ብሩሹን ከምስሉ አንስቶ ድምፁ እስኪያልፍ ይጠብቅና ይቀጥላል። እኔ ቆሎዬን እበላለሁ። ፍርሃቱ መጀመሪያ አካባቢ ነበር፤ በኋላ የት እንደሄደ ወላሂ አላውቅም። ሄዶ አልተመለሰም፣ ከእሱ ጋርም ሌላ ብዙ ነገር ሄደ።

መጨረሻ ላይ የቀረው ባለምርኩዙ ሽማግሌ ነበር። ከማል ካባውን አመድማ አደረገው፣ ምርኩዙን ቡናማ። ዓይን አልሣለለትም። ያን የቀጠነ ጥቁር ብቻ በዓይኑ ጎድጓዳ ውስጥ አሳረፈና ቅንድቡን በፈዘዘ ቀለም ነካ አደረገው። አባቴ የቀትሩን ሶላት፣ ዙህርን፣ ሰግደው ገቡ፤ እንደ ልማዳቸው እንከን ሊፈልጉ ሽማግሌው የተጣበቀበትን ጠርሙስ ወደ መስኮቱ ወሰዱት። አዞሩት፣ አራቁት፣ መልሰው አቀረቡት። ሽማግሌው ያያቸዋል። ዓይን የለውም፣ ግን ያያቸዋል። የአባቴ ፊት ሲለወጥ አየሁ። በዚያች ሰዓት የከማል አባት መሆናቸውን የረሱት ይመስለኛል፤ ሙሉ በሙሉ ቀለም ሠሪ ሆኑ።

"ማሻ አላህ" አሉ። "ማሻ አላህ፣ ከማል። አለቀ። ከዚህ በኋላ አንዲት ነገር እንዳትነካው።"

እናቴ ወንፊቷን እንደያዘች በሩ ላይ ቆማ ነበር። አባቴ ምን እንዳሉ የገባቸው ቆይቶ ነው። "ማለቴ... ጫማው ላይ ትንሽ..." ብለው ጀመሩ። ውሸት አይሆንላቸውም፣ በሥራ ላይማ ጭራሽ። ያን ሁሉ ቀን ብብት ሥርና እግር ሥር የሆነች እንከን ይፈልጉ የነበረው እኮ እውነተኛ እንከን ለማግኘት ነው። ከማል ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ሳማቸው።

"አይ አባ፣ አለቀ አሉ እኮ!" አለ እየሳቀ። "ከአፍዎ ወጣች እኮ!"

እንደዚያ ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም። በማግስቱ ንጋት ለሱብሒ ሶላት ስንነሳ መኝታው ባዶ ነበር፤ ብርድ ልብሱን አጣጥፎታል። እናቴ ጮኻ ልትወጣ ስትል አባቴ አፏን ያዙ፣ ውጭ ታጣቂዎች ነበሩና።

ከተማው ነፃ ሲወጣ፣ ቀድሞ ወደ ተራራው የወጣው ይማም ብቻውን መጣ። አጥሩ ላይ ብቅ አላለም፣ በበሩ ነው የገባው። ከማል እነሱ ዘንድ በደረሰ በዚያው ቀን፣ ከውርጌሳ ወዲህ ካለው ኮረብታ ላይ፣ ከባድ መሣሪያ እንዳገኘው ነገረን። እዚያው ቀበሩት። በማግስቱ ኮረብታውን ለቀው ወርደዋል፤ ከወረዱ በኋላ ከመካከላቸው የሞተ የለም። "ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን" አሉ አባቴ። ጎረቤቱ ሁሉ ለለቅሶ ሲሰበሰብ እኔ አልጋ ሥር አጎንብሼ የቲነሩ ክዳን በደንብ መገጠሙን አየሁ። ሰው ብዙ ነው፣ እሳት ይነዳል፣ እሱ ነበር የታየኝ። "ይቺ ልጅ ምነው አታለቅስ?" ሲሉ ሰምቻለሁ። ለቅሶው ይመጣል ብዬ እኔም ጠበቅሁት። እየጠበቅሁት አደግሁ።

አሁን መርሳ አስፋልቱ በመኪና ተጨናንቋል፣ ማንጎው በየመንገዱ ዳር ይሸጣል፣ መብራትም ስልክም አለ። መምህር ዳዊት ተመልሶ መጥቶ ሳጥኑን ሲከፍት ተንሰቅስቆ አለቀሰ፤ እኔ ሲያለቅስ አየሁት። ይዘህ ሂድ አልነው፣ እምቢ አለ። ዶርም ውስጥ ልጆቹ ስለ ልጅነት ሲያወሩ ስለ ካርቱንና ስለ ገመድ ዝላይ ያወራሉ። እኔ ግን እውነቱን ልናገር ካልኩ የሚናፍቀኝ ያ ሰሞን ነው። ርቦን ነበር፣ ተዘግቶብን ነበር፤ ግን አራታችንም አንድ ክፍል ውስጥ ነበርን፣ ቀለም እስኪደርቅ ከመጠበቅ ሌላ ሥራ አልነበረንም። ዛሬ ሁሉም ነገር ቶሎ ይደርቃል፣ ሁሉም ሰው ወደ ጉዳዩ ይሄዳል። ይናፍቀኛል ስል ግን የሚያመኝ ነገር የለም። አውቀዋለሁ እንጂ አይሰማኝም።

ባለፈው ዒድ ቤት ሄጄ አባቴን ጓሮ ብሩሽ ሲያጥቡ አገኘኋቸው። አርጅተዋል፣ ሥራ ግን አላቆሙም። አጠገባቸው ተቀመጥኩና ስንት ዓመት አፌ ላይ የነበረውን ነገር ተናገርኩት።

"አባ፣ እርስዎ አለቀ ባይሉትም እኮ ይሄድ ነበር።"

ብሩሹን ማጠብ አላቆሙም። "አውቃለሁ ልጄ" አሉ። "እሱስ መሄዱ አይቀርም ነበር። እኔ ግን አንድ ነገር ይቀረዋል ብል ኖሮ፣ የሚሄደው በማግስቱ ነበር፤ ያኔ ደግሞ ኮረብታውን ለቀው ወርደዋል።"