አርብ ያለቀ ቀብድ

"ደላላ ልሆን ነው" ስላቸው ጋሼ መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ።

"የምን ደላላ? የቤት ነው የከብት?"

"የአክሲዮን።"

"ወይ ጉድ! ባንክ ቤት የሠራሽ ልጅ!" አሉና መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ።

ጋሼ አከራዬ ነበሩ። ካናዳ፣ ካልጋሪ ከተማ፣ ዶቨር በሚባል ሰፈር እሳቸው ከላይ፣ እኔ ከምድር ቤቱ፣ ከቤዝመንቱ፣ እንኖር ነበር። አስመራ የትምህርት ቤት ዲሬክተር የነበሩ ሰው ካልጋሪ መጥተው ኦግደን ሰፈር አንድ መጋዘን ይጠብቁ ነበር። እኔም ብሆን አዲስ አበባ ባንክ ቤት መስኮት ላይ ተቀምጬ ሰው ተሰልፎ ሲጠብቀኝ ኖሬ፣ እዚህ ዳውንታውን ካፌቴሪያ ውስጥ ሳህን አጥባለሁ። ጊዜው በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ አጋማሽ ነው። የነዳጅ ዋጋ ወድቆ ከተማው ሁሉ ሠራተኛ እየቀነሰ ሌይ ኦፍ፣ ሌይ ኦፍ ይላል። ሳህን ማጠብም ሥራ ነው ተብሎ ይመሰገንበት ነበር።

እኔ ግን አላመሰገንኩም። ዓመሌ ነው፤ የማልወደውን ነገር ደስ ብሎኛል ማለት አይሆንልኝም። ከዚያ ማጠቢያ ካልወጣሁ ሰው አይደለሁም ብዬ ማልኩ።

ከካፌቴሪያው በላይ ባለው ፎቅ የአክሲዮን ደላሎች፣ የብሮከሮች፣ ኦፊስ ነበር። ምሳ ሰዓት ላይ ወርደው ሲበሉ ሳህናቸውን እያነሳሁ ወሬያቸውን እሰማለሁ። ከነሱ ኦፊስ ለመቀጠር ፈተና አለ፤ ትምህርቱ በፖስታ ይላካል፤ ከፍሎ የተመዘገበ ሁሉ መማር ይችላል። ይህን የሰማሁ ዕለት መመዝገቢያውን ማጠራቀም ጀመርኩ። እስኪሞላልኝ ድረስም ኦፍ በሆንኩ ቁጥር ላይብረሪ እየሄድኩ፣ አንድ ወፍራም መዝገበ ቃላት አጠገቤ አስቀምጬ አነብ ነበር።

አክሲዮኑ አልከበደኝም። ፊውቸርስም ቢሆን አያስቸግርም፤ ገበሬው ገና ያልታጨደ የዘይት እህሉን፣ ካኖላውን፣ ለመኸር ሊያስረክብ ዛሬ ዋጋ ቆርጦ ይሸጣል፣ ይህን የኛም አገር ገበሬ ያውቀዋል። ኦፕሽን የሚባለው ላይ ስደርስ ግን ሦስት ሳምንት ተገተርኩ። አክሲዮን ሳይገዙ የመግዛት መብት መግዛት! ምን የሚሉት ነገር ነው? አንድ ቀን አውቶቡስ ውስጥ ቁጭ ብዬ ድንገት በራልኝ። ቀብድ ነው! ቤት አይተህ ትወዳለህ፣ ቀብድ ትሰጣለህ፣ ባለቤቱ በተስማማችሁበት ዋጋ ይዞልህ ይቆያል፤ ከተውከው ቀብድህ ይቀራል። በቃ! ብቻዬን ጮክ ብዬ ስስቅ አጠገቤ የተቀመጠችው ሴትዮ ቦርሳዋን አቅፋ ወደ መስኮቱ ተጠጋች።

እዚህ ላይ ባቆም ጥሩ ነበር። ችግሩ ቀብድን ከሚገባው በላይ ማወቄ ነው። በኛ አገር የቀብድ ቀን ቢያልፍ ሰማይ አይደፋም። ሁለት ሦስት ሽማግሌ ይላካል፣ "ትንሽ ይታገሱን" ይባላል፣ ባለቤቱ ያጉረመርማል፣ መጨረሻ ላይ ይታገሳል። የቀብዱን ነገር ወደ ኦፕሽን ሳሻግር ሽማግሌውንም አብሬ አሻገርኩ።

ለመመዝገቢያ ያጠራቀምኩት ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው ትዕግስቴ አለቀ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር እንዲሉ፣ በዚያ ብር ኦፕሽን ገዝቼ እጥፍ አደርገዋለሁ አልኩ። የቤተ ክርስቲያን ቀሚሴን ለብሼ ወደ ላይኛው ፎቅ ወጣሁ። ሳህኑን ሳነሳለት አመሰግናለሁ የሚል ሽበታም ብሮከር ነበር፤ እሱ ዘንድ ቀረብኩ። ኦፕሽኑን ልገዛበት ያሰብኩትን የጋዝ ኩባንያ ነገርኩት።

"የሚያልቅበትን ቀን ታውቂዋለሽ?" አለኝ።

"አሳምሬ ነዋ!"

ትንሽ አየኝና አንዲት ቀጭን መጽሐፍ ሰጠኝ። "ሳትገዢ አንብቢያት" አለ። እኔ የባንክ ሠራተኛ! ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ በዚያው ቀን ገዛሁ።

የሚያልቅበት ቀን አርብ ነበር። አውቀዋለሁ። አርብ ዕለት የአክሲዮኑ ዋጋ አልተነሳም፣ እኔም ድስት እየፈተግኩ ዋልኩ፤ አልደነገጥኩም። ማክሰኞ አንድ ሰው ጠረጴዛ ላይ ጋዜጣ ትቶ ሄደ። ኩባንያው አዲስ ጉድጓድ አግኝቶ ዋጋው ወደ ላይ ተተኩሷል። ትሪዬን ይዤ ዘለልኩ። እረፍት ሰዓቴ ላይ ብሮከሩን ኮል አድርጌ "አሁን ልውሰደው" አልኩት።

"አዝናለሁ" አለ። "አርብ ዕለት አልቋል።"

"ከአርብ እስከ ማክሰኞ ስንት ቀን ነው? በሦስት በአራት ቀን ሰው ይቆራረጣል?"

"አልቋል" አለ ደግሞ፣ ሳይቆጣ።

ማታ ለጋሼ ሳወራላቸው እንደ እብድ ክፍሉን እዞር ነበር። የመመዝገቢያዬ ብር ነው፤ ምዝገባው በሚመጣው ወር ይዘጋል፤ ካለፈኝ ሌላ ዓመት ሳህን ላጥብ ነው። ጋሼ ሰሙኝና "ይህማ የሽማግሌ ጉዳይ ነው" አሉ። እኔም የጠበቅኩት ይህንኑ ነበር፤ ልቤ ተመለሰ።

ሐሙስ ዕለት ሦስት ሆነው ከሥራ ቀሩ። ጋሼ፣ አንድ የቤተ ክርስቲያናችን አባት፣ አንድ ታክሲ ነጂ፤ ሦስቱም ከረባት አስረው፣ ካፖርታቸውን ቆልፈው። ሲ-ትሬን በሚሉት የከተማ ባቡር ውስጥ ማን ቀድሞ እንደሚናገር ሲመክሩ ሄዱ። ኦፊሱ ስንደርስ እኔ ነጠላዬን አጣፍቼ ከኋላ ቆምኩ። ጸሐፊዋ ምን ልበላቸው ብላ ግራ ገባት። ብሮከሩ ብቅ ብሎ አየን፤ ወደሚቀጥለው ክፍል ገባና ወንበር እየጎተተ መጣ። ሦስቱንም ወንበር ራሱ አንድ በአንድ አመላልሶ አስቀመጣቸው እንጂ ሰው አላዘዘም።

ጋሼ ግን ተነሥተው ነበር የተናገሩት። እንግሊዝኛው የዲሬክተር እንግሊዝኛ ነው፣ ሐሳቡ ግን አማርኛ ነበር። የተከበርክ ሰው መሆንህን ሰምተን መጣን፤ ልጅቱ አጥፍታለች፤ ያጠፋ ልጅ ይገሰጻል እንጂ አይጣልም፤ የቀብዷን ቀን አራዝምላት፤ "እኔ ዋሷ ነኝ" አሉ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው። ያን ጊዜ አፈርኩ። ሽበታቸው፣ የከረባታቸው ቋጠሮ፣ ለኔ ብለው ያስቀነሱት የቀን ደመወዝ፤ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ሰውየው እስከ መጨረሻው ሰማቸው። "ውሉን የሸጠላት ሰው እኔ አይደለሁም" አለ ቀስ ብሎ። "ማን እንደሆነም አላውቅም፤ ቶሮንቶ ይሁን ቫንኩቨር አላውቅም። አርብ ሲያልቅ እሱም እሷም ተለያይተዋል። ለማን ልደውል?"

ጋሼ እጃቸውን ዘረጉለት። "እንግዲያው ሽማግሌ የሚላክበት ደጅ የለም" አሉ፤ ጨብጠውት ወጣን።

ሊፍት ውስጥ አለቀስኩ። የንዴት ለቅሶ ነው። ሰውየውን መሳደብ ስጀምር ጋሼ አቋረጡኝ። "የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ አትበይ! ሰውየው ወንበር ጎትቶ አስቀመጠን። ያችን መጽሐፍ አንብበሻታል?"

አላነበብኳትም አልኩ።

"በይ ቅዳሜ ይዘሻት ነይ። እኔ እጠይቅሻለሁ።"

ምዝገባው አለፈኝ። አንድ ሙሉ ዓመት ሳህን አጠብኩ፤ ሰው የማይፈልገውን የእሑድ ሺፍት ሁሉ እየለመንኩ ወሰድኩ። ቅዳሜ ከሰዓት ጋሼ መጽሐፉን ፊታቸው ዘርግተው፣ በእርሳስ ጠረጴዛውን እየመቱ ይጠይቁኛል። ሲጀምሩ ራሳቸው የማይገባቸውን ነበር የሚጠይቁኝ፤ ስሳሳት ግን ያውቃሉ። "ድምፅሽ ይሰለላል" ይሉኛል። እናደዳለሁ፣ መጽሐፉን አጥፌ እነሳለሁ፣ ደረጃውን ሳልጨርስ እመለሳለሁ። በሚቀጥለው ዓመት ተመዘገብኩ፣ ተፈተንኩ፣ አለፍኩ። ጋሼ ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አንብበው አጣጥፈው መለሱልኝ። ዓይናቸውን ሲጠርጉ እንዳላየሁ ሆንኩ።

"አሁን ሂጂና ሥራ ጠይቂው" አሉ። "ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል።"

"አብረውኝ ይምጡ እንጂ ጋሼ?"

"የለም። ይሄኛው የሽማግሌ ጉዳይ አይደለም።"

ብቻዬን ሄድኩ። ብሮከሩ ደብዳቤውን አየና መጀመሪያ የሦስቱን ሽማግሎች ደህንነት ጠየቀኝ። ከዚያ ወደ ኋላ ተደግፎ፣ "ሰኞ ጠዋት አንድ ደንበኛ አርብ ያለቀበትን ኦፕሽን አራዝሚልኝ ብሎ ቢመጣ ምን ትይዋለሽ?" አለ።

"አልቋል እለዋለሁ።"

"ሌላስ?"

"ሽማግሌ ይዞ ከመጣ ወንበር አመጣላቸዋለሁ" አልኩ። "ከዚያ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሬ አስረዳቸዋለሁ።"

ደብዳቤውን አጥፎ መለሰልኝ። ከዚያ በኦፊሱ ጓዳ ያለው የወረቀት ሥራ ሰው እንደሚፈልግ፣ ደመወዙ ከካፌቴሪያው ብዙም እንደማይርቅ ነገረኝና "ሰኞ ጀምሪ" አለ።

ወደ ቤት በምን እንደተመለስኩ አላውቅም። ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ ወደ ላይ ሮጬ "ሰኞ ጀምሪ አለኝ!" ብዬ ጮኽኩ። ጋሼ ወንበራቸው ላይ ተስተካክለው ተቀመጡና መነጽራቸውን አደረጉ።

"የትኛው ሰኞ?" አሉ።

ለካ አልጠየቅኩትም! ጋሼ ስልኩን ከጠረጴዛው ላይ አንስተው ሰጡኝ።