ጋሽ ይርሳው ጀልባ የመረጡ ጊዜ

ባለፈው ሳምንት ደብረ ማርቆስ ገበያው አጠገብ ቆሜ ባጃጅ ስጠብቅ፣ አንድ የጭነት መኪና ትንሽ የብረት ጀልባ ጭኖ አለፈ። አጠገቤ የነበሩ ተማሪዎች ፎቶ ለማንሳት ተሻሙ። እኔ ግን ብቻዬን ሳቅሁ። ወጣት ሳለሁ ከዚያች ሦስት እጥፍ የምትበልጥ ጀልባ ከአጎቴ ጋር በዚያው መንገድ ጎትተን ገብተናል።

አጎቴ ጋሽ ይርሳው ሠላሳ ዓመት የጭነት መኪና ነድተው የሰለቻቸው ሰው ነበሩ። አንድ ቀን ብድግ ብለው ከሁለት መኪኖቻቸው አንዱን ሸጡና «ከእንግዲህ ኑሮዬ ጣና ላይ ነው» አሉ። መኝታ ክፍል ያላት ትልቅ ጀልባ ገዝተው ገዳማቱን የሚሳለሙ ሰዎችን ሊያመላልሱ ነው። እሳቸው ዋና አይችሉም፤ እኔም አልችልም። አዲስ አበባ ይዘውኝ የሄዱት የመንገድ ቀያሽ ስለነበርኩና ትንሽ እንግሊዝኛ ስለማነብ ነው።

ከከተማው ዳር፣ ባሕር ዛፍ በከበበው ግቢ ውስጥ፣ ሁለት ጀልባዎች ተሳቢያቸው ላይ እንደተቀመጡ ለሽያጭ ቆመው ነበር። አንደኛዋ ነጭ፣ ግዙፍ፣ በመሰላል የሚወጣባት ናት፤ አልጋ፣ ምድጃ፣ ባለ መስተዋት መታጠቢያ ሁሉ አላት። ጋሼ ጫማቸውን አውልቀው ገቡና አልጋው ላይ ጋደም አሉ። ደላላው ከታች ሆኖ «ይቺን የገዛ ሰው ዕድሜ ልኩን ቤት አይከራይም!» እያለ ይጮኻል። ሁለተኛዋ ቀለሟ የደበዘዘ ሰማያዊ ነበረች። እሷም አልጋ ያለው ደህና ክፍል አላት፤ ረዘም ያለ ሰው ግን ውስጧ ቀጥ ብሎ አይቆምም።

«ሰው አጎንብሶ የሚኖርበት ቤት ቤት ነው?» አሉ ጋሼ። «ነጯን ነው የምወስደው።»

እውነት ለመናገር የእኔም ልብ የሄደው ወደ ነጯ ነበር። ስለካት ግን ወርዷ ሦስት ሜትር ከሃያ ሆነ፤ የሰማያዊዋ ሁለት ሜትር ተኩል።

«ጋሼ፣ ጣና ከመድረሳችን በፊት እኮ አባይ በረሃን መውረድ አለብን» አልኳቸው።

«ደግሞ መንዳት ልታስተምሪኝ ነው?» ብለው ተቆጡ።

ሜትሩን በነጯ ወርድ ልክ መሬት ላይ ዘርግቼ «መንገዱን የሚያውቁት እርስዎ ነዎት። ይህ ስፋት ያልፋል?» አልኩ። ጋሼ ሜትሩን ትኩር ብለው አዩትና ዓይናቸውን ጨፈኑ። እጃቸው ሳያውቁት መሪ እንደያዘ ሰው ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ ይዞር ጀመር። በረሃውን በሐሳባቸው እየወረዱ ነበር። ደላላው ሊናገር ሲል በዓይኔ ከለከልኩት። ድንገት እጃቸው ቆመ።

«እዚህ ጋ አታልፍም» አሉ። ሰማያዊዋን ገዛን።

በማግስቱ በረሃውን ስንወርድ፣ አንድ ጠባብ መታጠፊያ ላይ ሲሚንቶ የጫነ መኪና ሽቅብ መጣብን። አንገቴን በመስኮት አውጥቼ አየሁ። በጀልባዋና በመኪናው መካከል የቀረው አንድ ክንድ ቢሆን ነው። ጋሼ ደጀን ስንደርስ ወርደው የጀልባዋን ጎን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉ።

ሉማሜ ላይ ሽሮ ፍርፍር በቃሪያ እየበላን ሳለ ሰዉ ጀልባዋን ከበባት። አንድ ሽማግሌ ገበሬ ዞር ዞር ብለው አዩዋትና «ውሃው ታዲያ ወዴት ነው?» ሲሉ ጠየቁ።

«እየመጣ ነው» አሉ ጋሼ።

አልዋሹም። ወሩ ግንቦት ነበር፤ ከከተማው እንደወጣን የወረደው ዝናብ ፊታችንን ከለለው። ትንሽ እንደሄድን አንዲት ሚኒባስ ቦይ ውስጥ ገብታ በጭቃ ተይዛለች። ሙሽራውና ሚዜዎቹ በነጭ ሸሚዝ ከዝናቡ ጋር ይታገላሉ።

«አባባ፣ እባክዎ! ሙሽሪት ማርቆስ እየጠበቀችን ነው» አለ አንደኛው ሚዜ።

ጋሼ ሙሽራውን አዩ፤ ጀልባዋን አዩ። «ጫማችሁን አውልቁና ግቡ» አሉ።

ሰባት ሰው ክፍሏ ውስጥ ተጠጋግቶ ገባ። ሙሽራው ረጅም ስለነበር አንገቱን ሰብሮ ቆመ። ጋሼ በእግረኛ ፍጥነት ሲነዱ፣ ከኋላችን ጭብጨባውና ዘፈኑ የዝናቡን ድምፅ አሸነፈው።

ማርቆስ ስንደርስ የሰርጉ ዳስ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ወጥቶ ጀልባዋ ላይ አፈጠጠ። ሙሽራው ጫማውን በእጁ ይዞ በመሰላል ሲወርድ፣ የሙሽሪት እናት ደረታቸውን ይዘው «ኧረ ልጄን ወዴት ልትወስዷት ነው?» አሉ። ያን ጊዜ ሳቁና እልልታው አብሮ ፈነዳ። ጋሼና እኔም ከክብር እንግዶች ጋር ተቀምጠን ጠላ ጠጣን።

ጋሼ እርጅና እስኪይዛቸው ድረስ ጣና ላይ ሠሩባት። ዛሬ እሳቸው የሉም። እኔ ሐይቁ ላይ የተሳፈርኩባት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ ሁለቱንም ጊዜ አስመልሶኛል። ከዚያ ወዲህ ባልም፣ ቤትም፣ ሥራም የመረጥኩት በልቤ ነው፤ አንዳንዱ ሰመረ፣ አንዳንዱ አልሰመረም። ያንን ቀን ሳስብ ግን እስካሁን ደስ ይለኛል። ያቺ ሙሽራ አሁን የአራት ልጆች እናት ናት። ገበያ ውስጥ ካየችኝ ከሩቅ «መርከበኛዋ!» ብላ ትጣራለች። ሰዉ ዞሮ ያየኛል። እኔም ዘንቢሌን እንደያዝኩ፣ ደረቴን ነፋ አድርጌ «አቤት!» እላለሁ።