ደህና ነኝ የሚለው ቁልፍ

ሰው የሚያውቀኝ በብልሽት ነው። ላሊበላ ውስጥ ወደ ገበያው በሚወርደው መንገድ ዳር አንዲት የቆርቆሮ ሱቅ አለችኝ። ስልክ፣ ሬዲዮ፣ የሆቴል ቴሌቪዥን፣ የደብር ድምፅ ማጉያ፣ ያልፈታሁት የለም። ጠባዬ ደግሞ አይጣል ነው። ደንበኛው "ምን ሆኖ ነው?" ሲለኝ፣ "ባውቀው ለምን እከፍተው ነበር?" እለዋለሁ። ቢቆጣም ተመልሶ ይመጣል፤ የት ይሄዳል? አንድ ነገር ግን ለሁሉም እናገር ነበር፦ "ዕቃ አይዋሽም፤ የሚዋሸው ባለቤቱ ነው። ውሃ አልነካውም ይለኛል፣ ከፍቼ ሳየው ውሃ ጠጥቷል።" ይህን እያልኩ ስንት ዓመት ኖርኩ። አሁን አልልም።

እታለም የምላት ታላቅ እህቴ ናት። እናታችን ስትሞት እኔ የወተት ጥርሴን እንኳ አልነቀልኩም ነበር፤ አዝላ ያሳደገችኝ እሷ ናት። እኔን ትምህርት ቤት ልሰድ ብላ ለትዳር የመጣላትን ሰው መለሰች፤ ኋላም አላገባችም። ከብልባላ ከተማ ወዲያ የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ በምትርቅ መንደር፣ በአባታችን ቤት፣ ብቻዋን ትኖር ነበር። ብቻዋን ስል፣ አጥር የምትጋራት አንዲት ጎረቤት ነበረቻት፤ ከእህት የማታንስ።

አንድ ክረምት እግሯ ማበጥ፣ ትንፋሿ ማጠር ጀመረ። አምጥቼ አሳየኋት። ሐኪሙ ልቧ ደክሟል አለ። መድኃኒት ጻፈና እኔን ለብቻ ጠርቶ፣ "ጋደም ብላ መተንፈስ ካቃታት ቀን አትቁጠሩ። በዚያው ቀን አምጧት። ከደረሰች እናግዛታለን፤ ከዘገየች ግን…" ብሎ እጁን ዘረጋ። እኔ ጋ ተቀመጪ ብዬ እግሯ ላይ ወደቅሁ። "ያባቴን ቤት ለማን ዘግቼ? ደሞስ አንተ ሱቅህን ትበላለህ እንጂ እኔን መቼ ታጫውተኛለህ?" አለችኝና ሄደች።

እሷ አገር ስልክ ድሮም ጉብታ ተወጥቶ ነው የሚሰማው። በዚያ ሰሞን ደግሞ ኔትወርኩ ጭራሽ ጠፋ። መንገዱም አንድ ቀን ይከፈታል፣ ሦስት ቀን ይዘጋል፤ ሲከፈትም ሰው የሚሄደው ተሳልሞ ነው። እንግዲህ ያች ሴት ሌሊት ትንፋሽ ቢያጥራት ማን ይነግረኛል? እንቅልፍ አጣሁ። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ይባላል፤ እኔም ጨንቆኝ ሬዲዮ ፍለጋ ካርቶን መበርበር ጀመርኩ።

ካርቶኑ የዝናብ መጠን ሊለኩ መጥተው የነበሩ ሰዎች ሲሄዱ "ከተበላሸው የሚሆንህ ካለ" ብለው የተዉልኝ ነው። ውስጡ የክብሪት ቀፎ የሚያካክሉ ሬዲዮኖች ነበሩ። ከኤፍኤም ጣቢያዎቹ ራቅ ብሎ ከፍ ባለ ሞገድ የሚሠሩ፣ ኃይል የማይበሉ፣ በአንድ ባትሪ ዓመት የሚከርሙ። ድምፅ አይችሉም፤ ጥቂት ፊደል ብቻ ነው የሚልኩት፣ እሱንም ቀስ ብለው። ሩቅ የሚያደርሳቸው ግን ያ ቀስ ማለታቸው ነው። የእኛ አገር ሰው ከገደል ማዶ ሲጣራ ቃል አያበዛም፤ አንዷን ስም ይጎትታታል፤ ነፋሱ ቢቆራርጣትም ከተረፈው ላይ ማን እንደተጠራ ትለያለህ። እነዚህም እንደዚያው ናቸው። ሥራ ከሌላቸው ይተኛሉ፣ ቁልፍ ሲነካ ይነቃሉ፣ ያችን ቃላቸውን ልከው ተመልሰው ይተኛሉ። ተኝቶ የሚከርም ዕቃ ደግሞ ጠሪ አይሰማም። እሷ ካልነካችው እኔ ከዚህ ሆኜ "እንዴት ነሽ?" ልላት አልችልም። ባትሪው እንዲበረክት ብዬ እንደዚያ ያደረግሁት እኔው ነኝ።

እታለም ፊደል አልቆጠረችም። ስለዚህ ሦስት ቁልፍ አደረግሁላት። አረንጓዴው "ደህና ነኝ" ነው፤ በየጠዋቱ ይነካል። ቢጫው "የጎደለ ነገር አለ" ነው። ቀዩ "አሞኛል፣ ድረስ" ነው። ሳጥኑ ልኮ ከመተኛቱ በፊት ለአፍታ ይጠብቃል፤ መልእክቱ እኔ ጋ ሲደርስ በእሷ ሳጥን ላይ አንዲት ትንሽ መብራት ትበራለች። በመካከላችን ተራራ ስላለ፣ መልእክቱን ተቀብሎ የሚያሳልፍ ሌላ ሳጥን ተራራው አናት፣ አሸተን ማርያም ገዳም ላይ ማቆም ነበረብኝ። እዚያ ያሉትን አንድ ሽማግሌ መነኩሴ ለመንኳቸው። ሳጥኑን አገላብጠው አዩና፣ "የምንጸልየውን ይሰማል?" አሉኝ። "አይሰማም አባ።" "እሱ ነው ጉዳቱ" አሉና ከቅጥሩ ውጭ ያለውን የጽድ ዛፍ አሳዩኝ፤ እዚያ ላይ ሰቀልኩት።

መንገድ በተከፈተ ቀን የእሷን ሳጥን ይዤ ሄድኩ፤ ምሰሶው ላይ ሰቀልኩላት። ስንት ጊዜ አስጠናኋት! "ቀዩን መቼ ነው የምትነኪው?" "ሲያመኝ።" "ሲብስብሽ አይደለም፣ ገና ሲያምሽ!" "እሺ አልኩህ፤ ኧረ አታድርቀኝ!" በነጋታው ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ የሱቄ ሳጥን ጢት አለና "ደህና ነኝ" የሚል ጻፈ። ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ እንደ ሕፃን ነው ያለቀስኩት።

ከዚያ በኋላ ስንት ወር በየቀኑ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ጢት። ጎረቤቷ ኋላ እንደነገረችኝ፣ እታለም ፊቷን ሳትታጠብና ነጠላዋን ሳታስተካክል ቁልፉን አትነካም ነበር። "እንዴት አደርክ ወንድምዓለም? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን" ትልና ትነካዋለች። መብራቷ ስትበራ ደግሞ "አየሁህ" ትላለች። አንድ ቀን ቢጫው መጣ። ደነገጥኩና መድኃኒት፣ ስኳር፣ ጨው፣ ያገኘሁትን ሁሉ ለብልባላ ነጋዴ በአህያ አስጭኜ ላክሁ። ለካ የጎደላት ነገር የለም፤ "ይሠራ እንደሆን ልየው ብዬ ነው" ብላ ላከችብኝ። ተናደድኩም፣ ሳቅሁም።

ጾሙ ሲገባ መልእክቱ መዘግየት ጀመረ። መጀመሪያ አንድ ሰዓት፣ ቀጥሎ ሁለት ሰዓት፣ አንድ ቀን ሦስት ተኩል ሆነ። እኔ ምን አልኩ? ያው ጠጋኝ አይደለሁ! አሸተን ላይ ነፋሱ አንቴናውን አዙሮታል፣ መልእክቱ አልደርስ እያላት መብራቱ እስኪበራ ትደጋግማለች አልኩ። አይ እኔ! የደረሰውን ቃል ትቼ ያደረሰውን ዕቃ እመረምራለሁ። የሞገዱን ጉልበት የሚያሳየውን ቁጥር ስመለከት ያው የድሮው ነው፤ ምንም አልቀነሰም። ይህንንም አየሁና "ቆጣሪውም ተበላሽቷል" አልኩ። ዕቃ አይዋሽም ሲል የኖረ ሰው፣ ዕቃው እውነቱን ሲነግረው አላመነውም።

የዚያን ቀን መንገዱ ክፍት ነበር። ይህን መጻፍ ያመኛል፣ ግን ክፍት ነበር። ወደ ብልባላ መሄድ ስችል መፍቻዬን ይዤ አሸተን ወጣሁ።

መነኩሴው ጽዱ ሥር ተቀምጠው ስሠራ ያዩኛል። "እህትህ በስንት ሰዓት ነበር የምትልክልህ?" አሉኝ።

"አሥራ ሁለት ሰዓት፣ አባ። ዛሬ በሦስት ተኩል ነው የደረሰኝ።"

"ታዲያ የዘገየው ይኸ ሣጥን ነው ወይስ ሴትዮዋ?"

"እታለም? አባ፣ እሷኮ ዶሮ የምትቀሰቅስ ሴት ናት!" ብዬ ሳቅሁ።

እሳቸው አልሳቁም። "እንግዲህ አንተ ታውቃለህ" አሉና ወደ ውስጥ ገቡ። አንቴናውን አጠበቅሁ፣ አንድ ቅርንጫፍ ከፍ አድርጌ አሰርኩና ወረድኩ።

በማግሥቱ፣ ልክ በአሥራ ሁለት ሰዓት፣ ጢት። "ደህና ነኝ።" ከመቀመጫዬ ዘለልኩ። "አላልኳችሁም? አንቴናው ነበር!" እያልኩ የጎረቤት ሱቆችን ሁሉ አዳረስኩ፤ ማታ ጠላ ቤት ሰው ጋበዝኩ። በሁለተኛውም ቀን ልክ በሰዓቱ መጣ። እንደዚያ ሁለት ቀን በራሴ ኮርቼ አላውቅም።

በሦስተኛው ቀን ገና ሳይነጋጋ የማድርባት ሱቄ በር ተንኳኳ። ስከፍት የእታለም የነፍስ አባት ናቸው፤ አጠገባቸው የጎረቤቷ ባል፣ ከኋላቸው ሁለት የቅሬ ሽማግሌዎች። ቅሬ እኛ አገር ዕድር ነው። ጋቢያቸውን አዘቅዝቀው ለብሰዋል። በዚያ ሰዓት አራት ሰው ለምን እንደሚመጣ የማያውቅ የለም። እኔ ግን አላውቅም አልኩ።

"ግቡ አባቴ፣ ምነው በሌሊት? እታለም ደህና ናት፤ ትላንት ጠዋት ልካልኛለች" አልኳቸው።

ገቡና ተቀመጡ። የነፍስ አባቷ መስቀላቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ "ልጄ፣ ሁላችንም መንገደኞች ነን…" ብለው ጀመሩ።

"ኧረ አባቴ፣ ደህና ናት እኮ! ትላንት እኮ በአሥራ ሁለት ሰዓት…"

ጢት አለ።

ሁላችንም ወደ ሳጥኑ ዞርን። አሥራ ሁለት ሰዓት ነበር። "ደህና ነኝ" ብሎ ጽፏል። አፈር በበላሁ፣ "ይኸው! አያችሁ? ይኸው!" ብዬ ጮህኩ። ሳጥኑን አንስቼ ወደ ፊታቸው አቀረብኩላቸው። የነፍስ አባቷ በጋቢያቸው ፊታቸውን ሸፈኑ። የጎረቤቷ ባል መሬት መሬቱን እያየ፣ "ባለቤቴ ናት" አለ። "እሷ ናት የምትነካው። እታለም ካረፈች ሦስተኛ ቀኗ ነው።"

ከዚያ በኋላ ያለውን በደንብ አላስታውሰውም። ሳጥኑን ከእጄ የወሰደብኝ ሰው ነበር።

የደረስኩት በሰልስቷ ቀን ነው። አፈሩ ገና እርጥብ ነበር። አልቅሼ ከተመለስኩ በኋላ ጎረቤቷን እታለም ቤት ውስጥ ለብቻዋ አገኘኋትና፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ የሱቅ ጠባዬ መጣብኝ። "ቀዩን ለምን አልነካችሁም? ለዚህ አይደል እንዴ የሠራሁት?" ብዬ ጮህኩባት።

"አስምላኝ ነው" አለች እያለቀሰች። "ሁለት ሳምንት ሙሉ ተቀምጣ ነው ያደረች፤ ጋደም ማለት አቅቷት። ቀዩን ልንካው ስላት፣ 'ይህችን ከነካሽ ያ ልጅ በሌሊት ይነሳል፤ መንገዱ ክፉ ነው። ወንድሜን መንገድ ላይ አላስበላም' ትለኛለች። ጠዋት ጠዋት እኔ ደግፌ አነሳታለሁ፤ ፊቷን አጥቤ፣ ነጠላዋን አልብሼ፣ ትንፋሿ እስኪመለስ ቁጭ አድርጌያት፣ ከዚያ ነው የምትነካው። ለዚያ ነው የሚረፍድባት።"

ዓይኔን ወደ ምሰሶው መለስኩ።

"የመጨረሻዋ ሌሊት፣ 'እንቅልፍ ከወሰደኝ በሰዓቱ ቀስቅሺኝ፤ ሰሞኑን አርፍጄበታለሁ፣ ልጁ ይሰጋል' አለችኝ። ሳይነጋ አረፈች። ሲነጋ በሰዓቱ ነካሁላት። አደራዋ ነው። ደሞስ መርዶ በሣጥን ይነገራል እንዴ? ብቻህን ቆመህ ትስማው? ሽማግሌዎቹ እስኪደርሱልህ ላላስደነግጥህ ብዬ ነው በየቀኑ የነካሁት።"

ሳጥኑ ምሰሶው ላይ እንደተሰቀለ ነው። አረንጓዴው ቁልፍ ቀለሙ ለቋል። የቀዩ ላስቲክ፣ ከፋብሪካ ሲመጣ የተሸፈነበት ስሱ ላስቲክ፣ እንዳለ ነው፤ አልተላጠም። ለካ እኔም ሳስጠናት አንድ ቀን እንኳ ንኪው ብዬ አላስሞከርኳትም፤ 'አሞኛል' ሲል ማየት ፈርቼ።

ጎረቤቷ እንባዋን በነጠላዋ ጠረገችና ቀና ብላ አየችኝ። አልተቆጣችም፤ የምሯን ነበር የምትጠይቀኝ።

"ሦስት ቁልፍ ነው ሠርተህ የሰጠኸን፣ ወንድሜ። አንዱ ደህና ነኝ ነው፣ አንዱ ጎድሎኛል ነው፣ አንዱ አሞኛል ነው። እሷ ካረፈች ወዲያ የቱን ልነካልህ ኖሯል?"