የተቀደደው የእርቅ ምዕራፍ

የሰፈራችን ሰው ጋሼ ቶሎሳ ያዋስኳቸውን ልብ ወለድ ዛሬ ጠዋት የመጨረሻው ምዕራፍ ተቀዶ መለሱልኝ!

«እኔ ነኝ የቀደድኩት» አሉ፣ ምንም ሳያፍሩ። «በዱላ ስንቱን ያንጋለለ ጀግና መጨረሻ ላይ ጠላቱን ይቅር ይላል? ይቅር የሚል ወንድ የለም!»

ደሜ ፈላ። ከአዲስ አበባ በጭነት መኪና ያስመጣሁት መጽሐፍ ነው፤ እኔ ራሴ ገና አልጨረስኩትም ነበር። ወረቀቱማ የበርበሬ መጠቅለያ ሆኗል አሉ።

ደግሞ እኮ ጣሊያን ከወጣ ወዲህ መቱ ከተማ ውስጥ በዱላ የተፈናከተውን ሁሉ ዛፍ ሥር አስቀምጠው የሚያስታርቁት እሳቸው ናቸው!

ከሰዓት በኋላ ሦስት ሽማግሌ ላኩብኝ። «በቃ፣ ይቅር በላቸው» አሉኝ።

«ይቅር የሚል ወንድ የለም ብለውኛል» ብዬ መለስኳቸው።

እናንተስ፣ ያዋሳችሁት መጽሐፍ ምኑ ጎድሎ ተመለሰላችሁ?