ብሎን የገባበት ምድጃ

አናጺው ሙጫ ሲፈስ፣ ምስማር ሲጣመም፣ መብራት ሳይጠፋ ሲያድር «ኧረ ቀስ!» ማለት ስለማይታክተው፣ የሥራ ባልደረቦቹ ስሙን ትተው «ኧረ ቀስ» ይሉት ነበር። ክፉ ሰው አይደለም። ብክነት ግን ያንገበግበዋል።

የሚስቱ እናት ጉልበታቸው ደክሞ እሱ ቤት ሲገቡ ደስ ብሎት ተቀበላቸው፤ በብረት ምድጃው በኩል ያለውን ሞቃቱን ጥግም ለቀቀላቸው። ቀኑን ብቻቸውን ስለሚውሉ የምድጃው ሹም እሳቸው ሆኑ። እሳት ሲያያይዙ ከምድጃው በር ሥር ያለችውን የአየር ቀዳዳ ወለል አድርገው ይከፍቷታል። እንጨቱ በደንብ ተቀጣጥሎ የጭስ ማውጫው ቱቦ ሲግል ክዳኗን እስከ ግማሽ ይመልሷታል። እሱ ግን ከሥራ ሲገባ የሚታየው የጎደለው የእንጨት ክምር ብቻ ነው።

«እማማ፣ ይቺን ቀዳዳ ቢዘጓት እኮ አንዱ ጉማጅ ቀኑን ሙሉ ያቆያል።»

«እሳትም ይተነፍሳል ልጄ። ካፈንከው ይጨሳል እንጂ አያሞቅህም።»

በማግስቱ ጠዋት ግን ክዳኗን ዘግቶ በብሎን አጠበቃት። ክምሩ እንደ ድሮው አለመጉደሉን ሲያይ በልቡ ጮቤ ረገጠ። አማቱ ግን ማሳል ጀመሩ። ልጃቸው ስትጠይቃቸው «ብርድ ነው» አሏት።

አንድ ቀን የመሥሪያ ቤቱ መጋዝ ተበላሽቶ ከሰዓት በኋላ ወደ ቤት ተመለሰ። እያካፋ ነበር። አማቱ ብርድ ልብስ ተከናንበው ደጅ፣ ደረጃው ላይ ተቀምጠዋል።

«እማማ! ምን ሆነው ነው?»

«አየር ልቀበል ብዬ።»

በሩን ሲከፍተው ጭሱ ፊቱን መታው። ምድጃው ውስጥ ጉማጁ ሳይነድ ጠቁሮ ጭሱ ይትጎለጎላል። እሳቱን አጥፍቶ ቱቦውን ቢነቅለው ውስጡ እንደ ሬንጅ በሚጣበቅ ጥላሸት ሊደፈን ምንም አልቀረውም። ከዚያ ብሎኑን ፈታው።

«ለምን አልነገሩኝም?»

«በሰው ቤት…» ብለው ጀመሩና ተዉት።

ያቺ ያላለቀች ቃል ከጭሱ ይልቅ አነቀችው።

ሚስቱ ስትመጣ አማቱ ቀድመው «ቱቦው ቆሽሾ ነው፣ ያጋጥማል» አሉ።

«አይደለም» አለ እሱ። «ቀዳዳዋን በብሎን የዘጋሁት እኔ ነኝ።»

ሚስቱ አልጮኸችም። የእናቷን አልጋ ብቻዋን እየጎተተች ወደ ሌላው ክፍል ወሰደች፤ ላግዝሽ ሲላት እጁን ገፋችው።

ሐኪም ቤት ሲወስዷቸው ሐኪሙ ሳንባቸው እንደተጎዳ፣ ሳሉ ቢቀንስም ጨርሶ እንደማይተዋቸው ነገራቸው። አናጺው ቱቦውን ጠረገ፤ እንጨቱንም እርጥቡን ከደረቁ ለይቶ ጣሪያ ሥር ደረደረ። አሁን ምድጃው ፊት ይንበረከክና «እማማ፣ ቀዳዳዋን ልቀንሳት?» ይላል።

«ምን አስቸኮለህ! ቱቦው ይጋል እንጂ» ይሉታል እየሳቁ።

ይቅር ብለውታል፤ ሚስቱም ውሎ አድሮ ታርቃዋለች። ግን ሁሉም ገበታ ከበው ሳለ አማቱን ሳል ሲይዛቸው የእሱ እጅ ሳህኑ ላይ ይቀራል። ማንም ቀና ብሎ አያየውም። ቢያዩት ይሻለው ነበር።