ጉሮሮውን የማይጠርግ መነጽር

...ነጭ ብቻ ነበር የሚታየኝ። ከነጩ ኋላ ደግሞ አንድ ሰው ያኝካል። ማኘኩ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ... ግን ከዚያ ብጀምር አይገባችሁም።

ባለፈው ቅዳሜ ነው። ደብረ ታቦር፣ አክስቴ የሺ ቤት። የማርያም ማኅበር ተራዋ ደርሶ ሳሎኑ ሞልቷል። የነፍስ አባቷ መምሬ ከፍ ያለው ወንበር ላይ፣ ማኅበርተኞቹ ሶፋው ላይ። ልጇ ትዕግስት ዩኒቨርሲቲ ታስተምራለች፤ ከሥራ ቦታዋ አንድ መነጽር ተውሳ መጥታለች። መነጽር ስል... ግማሽ ፊት የሚውጥ፣ ግንባሩ ላይ ካሜራ የተደረደረበት ነገር ነው። ሲያጠልቁት ቤቱም ሰዉም እንዳለ ይታያል፤ በላዩ ላይ ግን የሌለ ነገር ይጨምራል። ትዕግስት የጨመረችው የጋፋትን የብረት ማቅለጫ ነው። ሳሎኑ መሐል፣ ምንጣፉ ላይ፣ እሳቱ ይንቀለቀላል።

ሴቶቹ አናጠልቅም አሉ። «ሻሼን ያበላሽብኛል» አሉ እትዬ ብርቄ። «ለሱ ስጭው። ደራሲ አይደል፣ የሌለ ነገር ማየት ለምዷል።»

አጠለቅኩ። ሌሎቹም እንዲያዩ ትዕግስት መነጽሩን ከቴሌቪዥኑ ጋር አገናኘችው።

መምሬ «ታዲያ ይህ ልጅ የሚያየውን ሁሉ እኛም እናያለን?» አሉ።

«አዎ አባቴ።»

«የሚታየው ሰውስ ያውቃል?»

ትዕግስት ሳቀች። «ግንባሩ ላይ ትንሽ መብራት አለች። እሷን ያየ ያውቃል።»

«መብራቷ ምን እንደምትል የማያውቅስ?»

እኔ ደግሞ ዓይኔን የት እንደማሳርፈው ግራ ገባኝ። ሳላስበው የእትዬ ብርቄ ካልሲ ላይ አረፈ። ቀዳዳው ቴሌቪዥኑ ላይ የሰፌድ ያህል ሆነ። እግራቸውን ሶፋው ሥር ሸሸጉ። ከዚያ በኋላ ጣሪያ ጣሪያውን አይ ጀመር።

አንድ ነገር ልንገራችሁ። አክስቴ ባሏ ከሞተ ቆይቷል። ከአጥሩ ማዶ ያሉት ጋሽ ሞላም ሚስታቸውን ቀብረዋል። ማኅበርተኞቹ የሁለቱን ስም አንድ ላይ ማንሳት ከጀመሩ ሰነባብተዋል። ያን ዕለት እንኳ ዳቦው ሲቆረስ እትዬ ብርቄ «የሺዬ፣ አጥርሽ በር አወጣ አሉ» ብለው ነበር።

«ዶሮ ናት የምትሾልክበት» አለች አክስቴ።

«ከዘራ የምትይዝ ዶሮ?»

ሴቶቹ በነጠላቸው ሥር ሳቁ። መምሬ ሰምተው እንዳልሰሙ ሆኑ። ትዕግስት ግን አልሳቀችም። እናቷን አየቻት... ረዘም አድርጋ። አክስቴ ከሴቶቹ አፍ ይልቅ የልጇን ዓይን እንደምትፈራ ያን ጊዜ ገባኝ።

አክስቴ ጠላ ልትቀዳ ጓዳ ገባች፤ ጠላው ዘገየ። መምሬ «እስቲ የሺን ጥራት» አሉኝ። ተነሣሁ። መነጽሩን ማውለቅ ረሳሁ። ወይስ አልረሳሁም? ቶሎ ይለመዳል፤ የራሴ ፊት መስሎኝ ነበር።

በእኛ አገር ሰው ጓዳ ሲገባ ጉሮሮውን ይጠርጋል። «እህህ» ይላል። ውስጥ ያለው የሚለብሰውን ይለብሳል፣ የሚደብቀውን ይደብቃል። ሁሌም አደርገዋለሁ። ያን ዕለት ግን... እንጃ። በሩን ዝም ብዬ ገፋሁት።

ከጠላው ጋን በላይ፣ ምስማር ላይ፣ የወንድ ባርኔጣ ተሰቅሏል። ከሥሩ ከዘራ። ዓይኔ ባርኔጣው ላይ ቆመ። እኔ ስቆም ሳሎኑ በሙሉ አብሮኝ ቆሞ እንደሚያይ የገባኝ፣ ከኋላዬ ጨዋታው ድንገት ጸጥ ሲል ነው።

ወደ ቀኝ ዞር ስል አክስቴ ደረሰችብኝ። ነጠላዋን በሁለት እጇ ዘርግታ መነጽሩ ፊት ቆመች። የከበረ እንግዳ ሲበላ የሰው ዓይን እንዳያርፍበት እንደሚከለለው። ሁሉም ነገር ነጭ ሆነ። ከነጩ ኋላ ማኘኩ ቀጠለ።

«ጉሮሮ መጥረግ መቼ ነው የተውከው አንተ?» አለች በሹክሹክታ።

«መምሬ ጥራት ብለውኝ...»

«ይሄ ፊትህ ላይ ያለው ያያል?»

«ያያል።»

«አየሁ ብሎ ለማን ይናገራል?»

ሳልመልስላት... ሚጥሚጣው ይሆናል... ከነጠላው ኋላ ያለው ሰው አስነጠሰ። ይህን ማስነጠስ ደብሩ በሙሉ ያውቀዋል። ቅዳሴ መሐል ሲመጣ ዲያቆኑ እስኪያልፍ ይጠብቃል፤ መጨረሻው ላይ ፉጨት አለው።

ከሳሎን የመምሬ ድምፅ መጣ።

«ይማርህ።»

ካህን መርቆ ዝም አይባልም። ከነጠላው ኋላ ያለው ሰው፣ አፉ ጉርሻ እንደያዘ፣ ሳያስበው መለሰ።

«ያኑርዎ፣ አባቴ።»

ትንሽ ቆየና ያው ድምፅ ከሳሎኑ ቴሌቪዥን ተደገመ። «ያኑርዎ፣ አባቴ።»

ነጠላ የሚከልለው ዓይን ነው። ጆሮን ማን አስቦት።

ማንም አልሳቀም። እትዬ ብርቄም እንኳ። ከዚያ የትዕግስት ድምፅ፣ ቀስ ብሎ፦ «እማዬ?»

አክስቴ ነጠላውን አላወረደችውም። መነጽሩ ላይ ጣል አድርጋ ከራሴ ኋላ ቋጠረችው። ነጩ ውስጥ ቆሜ ቀረሁ። ባርኔጣው ከምስማሩ ሲወርድ ሰማሁ። ከዘራው ሲነሣ። ከዚያ እርምጃ... የሁለት ሰው። የጓሮው በር በግራዬ ነው፣ ሳሎኑ በቀኜ።

እርምጃው ወደ ቀኝ ሄደ። በሩ ከኋላቸው ተዘጋ።