ደጅ ያደረው ቡፌ

ከሆሳዕና የወጣሁ ማታ ዝናብ ነበር። ሻንጣዬ አልዘጋ ብሎ እማዬ ላዩ ላይ ቁጭ አለችበት፤ እኔ ዚፑን እየጎተትኩ፣ እሷ ከላይ እየሳቀች። ሳቋ ግን ዓይኗ ድረስ አልደረሰም። አብራኝ የምትሄደው ሰላማዊት በር ላይ ጃንጥላ ይዛ ትጠብቀኛለች። ሰላማዊት ሙሽራ ነበረች። የእኛን ሰፈር የምታውቁ ታውቁታላችሁ፦ ወንዱ ሳውዝ፣ ደቡብ አፍሪካ ማለት ነው፣ ሆኖ በስልክ ይታጫል፣ ሽማግሌ እዚህ ይላካል፣ ሙሽራዋ በአውሮፕላን ትሸኛለች። እኔ ደግሞ አባቴ ጋ ነበር የምሄደው። ሁለታችንም አይተነው ወደማናውቀው ቤት እየሄድን ነበር።

እማዬ መኪናው ሊነሳ ሲል በመስኮት ጎተት አደረገችኝ።

«ሊዲዬ፣ አባትሽ ቤት አለኝ ብሎኛል። ቤት ካለ እሰየው። ቤት ከሌለ ግን በመጣሽበት ትመለሻለሽ። ልጄ መንገድ ላይ እንድታድር አይደለም የላክኋት።»

«እሺ እማ።»

«ደግሞ ጓሮ እንዳለው እዪልኝ።»

ጓሮ ያለችው ለእንሰቱ ነው። እኛ ጋ ከኋላው እንሰት የሌለው ቤት፣ ቆርቆሮው ቢያብረቀርቅም እንኳ ገና ቤት አልተባለም።

ጆሃንስበርግ ስንደርስ የሰላማዊት ባል አበባ ይዞ፣ ጓደኞቹን በመኪና አሰልፎ ነበር የጠበቃት። ጥሩንባ እየነፉ ወደ ቴምቢሳ ይዘዋት ሄዱ። አባዬ ብቻውን ቆሟል፤ ከፎቶው ቀጥኗል። አቅፎኝ ብዙ ቆየ። ከዚያ እዚህ ባኪ በሚሏት ከኋላዋ ክፍት በሆነች መኪናው ወደ ዱርንፎንቴን ነዳን። መስኮታቸው የተሰበረ ረጃጅም ፎቆች መሃል አንድ የብረት በር ተከፈተና ኮፈን የሌላቸው መኪኖች የሞሉበት ግቢ ገባን። ጋራዥ ነው። ጥጉ ላይ ቡናማ መስመር ያለው፣ ጎማ ያለው፣ ነጭ ሣጥን የመሰለ ነገር ቆሟል።

«ይሄ የማን ነው?» አልኩት።

«የእኛ።»

«እሺ፣ ቤታችንስ?»

አባዬ የሣጥኑን በር ከፈተና መወጣጫዋን ወደ ታች ዘርግቶ ዞር አለ፣ እኔ እንድቀድም።

ካራቫን ይባላል። ነጮቹ ለሽርሽር ከመኪና ኋላ አስረው የሚጎትቱት ቤት ነው። አባዬ ቴምቢሳ ሱቅ ነበረው፤ በረብሻ ጊዜ ተዘረፈና ተቃጠለ። እሱም ዳግመኛ ሱቅ አልከፍትም ብሎ ማለ። «ሱቅ መሸሽ አይችልም ልጄ» አለኝ። «ጎማ ያለው ቤት ግን ይሸሻል።» እማዬስ? «ቀስ ብለን እንነግራታለን።» ያቺ ቀስ ሁለት ክረምት አለፋት።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ መጀመሪያ በጣም ወድጄው ነበር! ልጅ ሆነን ዕቃ ዕቃ ስንጫወት የሠራነው ቤት አድጎ የመጣ ነው የሚመስለው። የጫማ ካርቶን የሚያህል ምድጃ፣ መዳፍ የምታህል መስኮት፣ ጽጌረዳ ያለበት መጋረጃ። አልጋዬ ቀን ቀን ጠረጴዛ ነው። ስለዚህ እኔ ካልተነሳሁ ቁርስ የለም፤ አባዬ ካልበላ እኔ አልተኛም። ሁለታችን ከተጣላን ደግሞ የምንኳረፍበት ቦታ ስለሌለ ቶሎ እንታረቃለን።

በወሩ መጀመሪያ፣ ሽማግሌዎቹ ጡረታ የሚቀበሉ ጊዜ፣ ካራቫኑን ባኪው ላይ አስረን ከከተማ እንወጣለን። አባዬ ጄፒ ከሚባለው የሐበሻ ገበያ ያመጣውን ብርድ ልብስ በየገጠር ከተማው እንሸጣለን። ሜዳው ማለቂያ የለውም፤ ሣሩ ቢጫ፣ ሰማዩ ከእኛው ሰማይ የሰፋ። ተራራ የሌለበት አገር ሰው በምኑ አቅጣጫ ያውቃል? አንዴ ትራፊክ አስቆመን። ቆብ እስከ ቅንድቡ ድረስ አድርጓል።

«ሆሊደይ ናችሁ?»

«ሥራ ላይ ነን» አለ አባዬ።

«በካራቫን ነው ሥራ የምትሄዱት? መኖሪያችሁ የት ነው?»

አባዬ በአውራ ጣቱ ወደ ኋላ አመለከተ። ትራፊኩ ወደ ኋላ ሄዶ በመስኮቷ አጮልቆ አየ፤ ድስታችንን፣ የተንጠለጠለውን የትምህርት ቤት ዩኒፎርሜን። ተመልሶ መጣና «የኋላ መብራቱ አይሠራም» አለ። «የትኛው?» አለው አባዬ። «የሳሎኑ» አለና ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት ለቀቀን። እኛም ሳቅን። ጥቂት ከነዳን በኋላ ግን አባዬ በመስታወቱ ካራቫኑን ደጋግሞ ማየት ጀመረ።

ገበያው ላይ ግን ደስ ይለኛል። «ሳውቦና ጎጎ!» እላለሁ፤ እንደምን ዋሉ እማማ ማለት ነው። ጎጎዎቹ ብርድ ልብሱን ጉንጫቸው ላይ አድርገው ይሞክሩታል። አንዷ አገጬን ይዛ እናትሽ የት ናት አለችኝ። ሩቅ ናት አልኳት። ምንም ሳትናገር የገዛችውን ብርድ ልብስ ትከሻዬ ላይ አልብሳኝ ትንሽ አየችኝና መልሳ ወሰደችው።

ወደ ጆበርግ ስንመለስ ነው የሚከብደው። ቅዳሜ ከሰዓት መካኒኮቹ ይሄዳሉ፤ የግቢው ባለቤት ኡም ያን፣ ጋሽ ያን እንደማለት ነው፣ በሩን ይቆልፋል። አባዬ ጄፒ ዕቃ ሊያመጣ ይወጣል። ያን ሁሉ ሰው የያዘ ከተማ እንዲህ ጭር ይላል ብትሉኝ አላምንም ነበር። ሆሳዕና በራችን ተዘግቶ አያውቅም፤ ጎረቤት ሳያንኳኳ ይገባል፣ ድስት ከፍቶ ያያል፣ «ጨው አነሰው» ብሎ ይወጣል። እዚህ በሬን ያንኳኳ ሰው የለም። በረዶ ብቻ ነው። ከሰዓት ላይ ሰማዩ በድንገት ይጠቁርና በረዶው ጣሪያውን ይደበድበዋል፤ እኔም ጠረጴዛው ሥር ገብቼ «ማነው?» እላለሁ። ለጨዋታ ነው። አንዳንዴ ግን የእውነት እለዋለሁ።

የጸሎት ኅብረታችን በየተራ በየሰው ቤት ይሰበሰባል። እንደ አገር ቤት ማለት ነው፤ አዲስ ቤት ከሆነ ደግሞ ይመረቃል፣ ስጦታ ይመጣል። ቴምቢሳ ከሱቅ ጀርባ የዱቄት ከረጢት ላይ ተቀምጠን ዘምረናል። ሰዎቹ አባዬን «እናንተስ ጋ መቼ ነው?» ሲሉት «ዱርንፎንቴን ነን፤ ትልቅ ግቢ ውስጥ። ገና አልተደራጀንም» ይላል። አንዷም ቃል ውሸት የለባትም!

አንድ ቀን ግን የኅብረቱ ሽማግሌ ጋሽ ጴጥሮስ መነጽራቸውን አውልቀው «በሚቀጥለው እሑድ ወንድም ኤርሚያስ ቤት ነው» አሉ። ወንድም ኤርሚያስ የሚሉት አባዬን ነው፤ ላብ አጠመቀው። እኔ ግን ልቤ ዘለለ። ሰው ሊመጣልን ነው!

ባኪው ውስጥ ስንገባ «ታምሜአለሁ እላለሁ» አለኝ።

«ከታመምክማ ይብሱን ሊጠይቁህ ይመጣሉ!»

«ከከተማ ወጥቻለሁ እላለሁ።»

«አባዬ፣ ይምጡ። በእናትህ ይምጡ። አንድ ሰው እንኳ ቤታችን ገብቶ አያውቅም።»

ቁልፉን ሰክቶ ሞተሩን ሳያስነሳ ቀረ። «ቤት ብለሽ ጠራሽው» አለኝ በመጨረሻ።

ኡም ያንን ማስፈቀድ ነበረብን። ነጭ ሽማግሌ ነው፤ ክረምት ከበጋ ቁምጣ ይለብሳል።

«እንግዳ? ስንት ናቸው?»

«ጥቂት» አለ አባዬ።

«ጥቂት በእናንተ አገር ስንት ነው?»

አባዬ ወደ እኔ አየ። እኔም መሬት መሬት አየሁ።

«ካራቫኑ የተሠራው ለአራት ሰው ነው» አለ ኡም ያን።

«እኛ እንጠጋጋለን።»

«ጩኸት አለው?»

«ጸሎት ነው።»

«እሱን አይደል እንዴ የምጠይቅህ!» አለ ኡም ያን። የከተማውን ጸሎት ቤት ሁሉ የሰማ ነው የሚመስለው። ቢሆንም ፈቀደልን።

እሑድ ጠዋት መጋረጃውን አጠብኩ። ከመካኒኮቹ ዕቃ መሃል የተነቀሉ የመኪና ወንበሮች አውጥቼ ግማሽ ክብ አድርጌ ደረደርኳቸው፤ የአንዱ ቀበቶ እንኳ ይሠራል። ሻይ በትልቁ ድስት አፈላሁ። ከመንገድ ዳር የእኛን ቦምቦሊኖ የሚመስል ፌትኩክ ገዛሁ። አባዬ የሠርግ ኮቱን ለብሶ በሩ ላይ ይመላለሳል።

ጥሩንባ ሰማን። መኪኖቹ ተከታትለው ገቡ። መጨረሻ ላይ የሰላማዊት ባል ባኪ መጣች፤ ከኋላዋ በብርድ ልብስ የተጠቀለለ፣ የቆመ፣ ሰው የሚያህል ነገር ተጭኖባታል። አራት ወንዶች «ቀስ! ቀስ!» እየተባባሉ አወረዱት። ብርድ ልብሱ ሲነሳ ቡፌ ነው። ባለ መስታወት፣ ባለ መብራት፣ የአንበሳ እግር ያለው ትልቅ ቡፌ። ኅብረቱ ተሰባስቦ ለቤታችን የገዛው።

«በየት በኩል ነው ቤቱ?» አለ የሰላማዊት ባል፣ ቡፌውን እየዳሰሰ።

አባዬ እጁን አነሳና ካራቫኑን አሳየ።

ጋሽ ጴጥሮስ ቡፌውን አዩ፣ የካራቫኑን በር አዩ፣ እንደገና ቡፌውን አዩ።

ሞከሩት እኮ! በጎን ሞከሩት፣ አጋድመው ሞከሩት። «ጣሪያውን እንክፈተው» አለ አንዱ። «ይልቅ ካራቫኑን ቡፌው ውስጥ ብናስገባው ይቀላል» አለ ሌላው። ሴቶቹ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው ይንፈቀፈቃሉ። አባዬ ግን አንገቱን ደፍቶ የኮቱን ቁልፍ ያዟዙራል። እኔም ምነው ባልመጡ ማለት ጀመርኩ።

ጋሽ ጴጥሮስ ከመኪና ወንበሮቹ አንዱ ላይ ተቀመጡ። ቀበቶውን አሰሩ።

«ወንድም ኤርሚያስ» አሉ፣ «አብርሃም እኮ በድንኳን ነው የኖረው። መላእክት ሲመጡበት ቡፌ የለኝም ብሎ አልመለሳቸውም። በል ሻዩን አምጣልን።»

ሁሉም ተቀመጠ። ጸሎት ላይ «የዚህን ቤት መሠረት አጽናው» አሉና ትንሽ ቆም አሉ። አንድ ዓይናቸውን ከፍተው ጎማውን ሲያዩ አየኋቸው፤ እኔም ዓይኔን ከፍቼ ነበርና። «ጎማውንም» አሉ። አሜኑና ሳቁ አንድ ላይ ወጣ። አባዬ ሳቀ፤ ደግሞ ፊቱን ጠረገ።

ሰላማዊት ካራቫኑ ውስጥ ገብታ አልጋ ጠረጴዛዬ ላይ ተቀመጠች። መጋረጃውን ነካችው።

«ታድለሽ» አለችኝ።

«አንቺ እኮ እውነተኛ ቤት አለሽ።»

«አለኝ፣ ከሱቁ ጀርባ። በሩ ብረት፣ መስኮቱ ብረት። ደንበኛው በፍርግርጉ ገንዘብ ይሰጠኛል፣ እኔ በፍርግርጉ ዳቦ እሰጠዋለሁ። አንቺ ስንት አገር አየሽ?»

እጇን ያዝኳት።

ሲሄዱ ጥሩንባ ነፉ፣ በሩ ተዘጋ። ቡፌው ካራቫኑ አጠገብ ቀረ። ግማሽ ክቡ ባዶ ወንበር ደግሞ ቡፌውን ያያል። ሰው መጥቶ ከሄደ በኋላ ያለው ጭርታ ሰው ካልመጣበት ጭርታ ይብሳል፤ ይሄን ያኔ ነው ያወቅሁት። አባዬ ቧንቧው ጋ ኩባያ ያጥባል። እኔ የታጠቡትን ቡፌው ውስጥ ደረደርኳቸው። የሚያምር ሆነ።

ስልኩ ጮኸ፤ እማዬ ናት፣ በቪዲዮ። ቶሎ ቡፌው ፊት ቆምኩና ስልኩን ጠጋ አድርጌ ያዝኩት፣ ሌላ ነገር እንዳይታይ።

«ቤታችሁ ተመረቀ አሉ! የሰላማዊት እናት ነገረችኝ።»

«ተመረቀ እማ። ይኸው ቡፌ ሰጡን።»

«ውይ! መስታወቱ! እስቲ አሳዪኝ። መብራትም አለው?» አገጯን እጇ ላይ አሳርፋ አየችው፤ ፊቷ እንደ ልጅ በራ። «አሁን ሳሎን ሆነ። እዚህ እኮ መሽቷል። እናንተ ጋ እንዴት ነው እንዲህ ብርሃን የሆነው?»

«መስኮቱ... ሰፊ ነው።»

«ፀጉርሽንስ ምን ያበጥረዋል?»

«ተከፍቶ ነው እማ፣ መስኮቱ።»

ዓይኗ ፊቴን ትቶ ትከሻዬን አልፎ ሄደ። እኔም ዞር ስል በቡፌው መስታወት ውስጥ ጥቁር ደመና ሲሄድ አየሁ፣ ከሥሩም የካራቫኑን ቡናማ መስመርና አንድ ጎማ።

እናቴ ትንፋሿ ይሰማኛል። አሁን ትለኛለች ብዬ ጠበቅሁ፤ ያን መኪናው ሊነሳ ሲል በመስኮት ያለችኝን ቃል።

«ሊዲዬ» አለች።

«አቤት እማ።»

«ዝናቡ ሳይመጣ ቡፌውን ሸፍኑት።»

ስልኩ ተዘጋ። አባዬ ኩባያዎቹን ይዞ መጣና «ምን አለች?» አለኝ። ነገርኩት። ኩባያዎቹን አንድ በአንድ ቡፌው ውስጥ ደረደረና መስታወቱን ዘጋ። ከዚያ ሄዶ የብርድ ልብሶቹን ትልቅ ላስቲክ አመጣ፤ አንዱን ጫፍ እሱ፣ አንዱን እኔ ይዘን አለበስነው። የመጀመሪያዎቹ በረዶዎች ላስቲኩን ማንኳኳት ሲጀምሩ ገብተን በሩን ዘጋን።

ተመለሽ አላለችኝም። እንድትለኝ ፈልጌ እንደነበር ያወቅሁት ያኔ ነው።